ያልተገዛ ብር

ስለ ብር ሠሪው ኡስታ ኻልሙራድ የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ልጁን ከቀበረበት ቀን ነው። እኔ ግን የሠላሳ ዓመት ጎረቤቱ ነኝ። የእሱን ብር ቤትና የእኔን ፀጉር ቤት የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ከመዶሻው ልጀምር። ጧት መዶሻው ካልተሰማ ምላጬን አልስልም ነበር። ቀለል ያለ ምት ከሆነ የጆሮ ጌጥ፣ ከበድ ያለ ከሆነ አንባር፣ ምንም ካልተሰማ ደግሞ ማኅተም እየቀረጸ ነው ማለት ነው። በመንደራችን ስሙን መጻፍ የማይችል ሁሉ ማኅተሙን የሚያስቀርጸው እሱ ዘንድ ነው፤ መጻፍ የሚችል ደግሞ ከእሱ፣ ከእኔና ከመስጊዱ ሙላ በቀር የለም፤ እኔም ቢሆን ያው ነኝ።

የኮክቻ ወንዝ ከአሙ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት፣ ከመንደራችን በላይ፣ የካፊሮች ጉብታ የምንለው ቦታ አለ። ገበሬ ሲያርስ፣ ዝናብም አፈሩን ሲያጥበው ከዚያ ብር ይወጣል። የድሮ የግሪክ ነገሥታት ብር ነው ይላሉ የተማሩት። ለእኛ ግን ብር ብር ነው። ገበሬው ያገኘውን ለኡስታ ያመጣል፣ ኡስታ መዝኖ ይገዛል፣ ያቀልጠዋል። የአገራችን ሴት ግማሿ በእጇ ላይ አንድ የቀለጠ ንጉሥ አድርጋለች።

ኡስታ አንድ ሕግ ነበረው። ፊት ያለበትን ነገር አያሳድርም። ገና ሳያቀልጠው፣ ከሰውየው እጅ እንደተቀበለ፣ መቀጥቀጫው ብረት ላይ አኑሮ ፊቱን በመዶሻ ይደመስሰዋል።

«ኡስታ፣ ይቺን ፈረስ እንኳ ተዋት፤ ምን አደረገችህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንተ የሰው ፂም ታጠፋለህ፣ እኔ ፊቱን አጠፋለሁ። እያንዳንዱ በሥራው ይጠየቃል።»

«እኔ ፂም ባጠፋ በሳምንቱ ይበቅላል።»

«ሳቅ አንተ! ምስል የሠራ ሰው በፍርዱ ቀን ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ‹በል እንግዲህ፣ ነፍስ ዝራበት› ይባላል። አይችልም። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚፈላው። እኔ የሠራውም ያስቀመጠውም አልሆንም።»

ስድሳ ዓመት ሙሉ አበባ፣ ቅጠልና ጨረቃ ብቻ ቀረጸ። ወፍ እንኳ አልቀረጸም።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲያ ጉብታው ባለቤት አገኘ። ኮማንደር ኢርጋሽ ሃያ ጠመንጃ ይዞ መጣና ዙሪያውን አጠረው። ከድንበር ማዶ፣ ከፔሻዋር፣ ሃጂ ዘርዳድ የሚባል ነጋዴ ስኳርና የዝናብ ጫማ ጭኖ ይመጣል፣ ብር ይዞ ይመለሳል። የመንደሩ ወንድ ሁሉ በቀን አንድ ጣሳ ዱቄት እየተሰፈረለት ለኢርጋሽ ይቆፍር ጀመር። የተገኘው ሁሉ የኢርጋሽ ነው። አለቃቸው ቡሪ ማታ ማታ ያሰልፋቸውና ልብስ ያራግፋል፣ አፍ ያስከፍታል፣ ጥምጣም ያስፈታል። ይህ ቡሪ የሚሉት ሰው ከእኛው መንደር ነው፤ ልጅ እያለ ቅማሉን ያራገፍኩለት እኔ ነኝ።

ከሚቆፍሩት አንዱ የኡስታ ብቸኛ ልጅ ረጀብ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አፍንጫው በልጅነቱ በፈረስ ተረግጦ ጉብ ብሏል፤ ከግራ አገጩ በታች ደግሞ አንዲት ጠባሳ አለችው፤ እሷ የእኔ ሥራ ናት። የሠርጉ ዕለት እየሳቀ አርፎ አልቀመጥ ብሎኝ በምላጭ ቆረጥኩት። «ኤሽመት አካ፣ ሙሽራ ነኝ እንጂ በግ አይደለሁም!» ብሎ ደሙ እየፈሰሰ ሳቀ። አካ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ይለኛል። ረጀብ ሲለኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

እሱና ሚስቱ አይሱልጣን ሁለት ልጅ ወልደው ሁለቱንም አርባ ቀን ሳይሞላቸው ቀበሩ። ሦስተኛው ተወለደ። ስሙን ቱርሱን አሉት፣ ‹ይቆይ› ማለት ነው፤ ልጅ የማይበረክትለት ሁሉ የሚያወጣው ስም ነው። ስም ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲህ ያለ ልጅ በአርባ ቀኑ ኮፍያው ላይ ያልተገዛ ብር ይሰፋለታል። ብሩ አይገዛም፣ አይለመንም፣ በስጦታም አይገባም። አባቱ በገዛ እጁ ከመሬት ማውጣት አለበት። አያቶቻችን ያቆዩት ነው፤ የኔም ወንድም የቆየው በዚሁ ነው።

የኡስታ ቤት ብር ሞልቷል። አንዲት ፍንካች ያልተገዛ ግን የለችም። ሁሉንም መዝኖ የገዛው ነው።

አርባው ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው ረጀብ ወደ ሱቄ ገባና በሩን ዘጋ። ጫማውን አወለቀ። ሶሉ ላይ ጡብ የሚያህል ጭቃ ተጋግሯል። ጭቃውን በጣቱ ፈልፍሎ አንድ ብር አወጣና በሽርጤ ጠረገው።

«አፍ ያስከፍታል፣ ጥምጣም ያስፈታል፤ ጫማ ሥር ማን ያያል?» አለ። «ንጉሡን ረግጬው መጣሁ፣ አካ።»

እንዲህ ያለ ብር አይቼ አላውቅም። ንጉሡ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቷል፤ ራቁት ትከሻው ይታያል፣ በእጁ ጦር አንስቷል፣ ፊቱን ወደ ግራ መልሷል። ራሱ ላይ የብረት ቆብ ደፍቷል። በብሩ ጀርባ ሁለት ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ባለ ሙያ ነኝ፤ ከአንገቱ ሥር ያለችውን ጅማት ሳይ ምላጭ አማረኝ።

ረጀብ ብሩን ሲያሳየው ኡስታ መጀመሪያ ተቆጣ። በግድግዳው በኩል እሰማለሁ።

«ሌባ ነው እንዴ የወለድኩት?»

«አባዬ፣ መሬቱ የማን ነው? የኢርጋሽ አባት ነው የቀበረው?»

«ዝም በል!»

«ሦስተኛውን ልቅበረው ታዲያ?»

በመጨረሻ መዶሻው ተሰማ። ዘጠኝ ምት ቆጠርኩ። በአርባው ቀን የቱርሱን ኮፍያ ላይ ዝርግ፣ ልሙጥ፣ የተበሳች ብር ተሰፍታ አየሁ። ንጉሡም ጦሩም ፈረሶቹም የሉም። አይሱልጣን ያን ቀን ስትስቅ ጥርሷን አየሁት።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመጣለሁ። ባልፈውም የሚጠይቀኝ የለም፤ ግን ሆዴ አልቻለውም።

ሳምንት ሳይሞላ ቡሪ ሊላጭ መጣ። አረፋ ቀባሁት። ያማርራል፦ «ይሄ ሃጂ ዘርዳድ ሊያሳብደን ነው። ንጉሥ ጀርባውን የሰጠበት፣ ጦር የያዘበት ብር አምጡ ይላል። በዓለም ላይ ከጣት አይበልጥም ይላል። አንድ ካገኛችሁ ለኮማንደሩ ሁለት መኪና እሰጣለሁ ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?»

ፀጉር አስተካካይ የማያውቀው ነገር ሲኖር ያመዋል። የሚያውቀውን ሲደብቅ ደግሞ ይብስበታል። እኔም ምላሴን መግታት አላውቅበትም፣ እየሳቅኩ፦ «ባለ ጦሩ? ጀርባውን የሰጠው? እሱንማ ረጀብን ጠይቁት፤ ከእናንተ ቀድሞ አስተናግዶታል» አልኩ።

ቡሪ እጄን ያዘ። ግማሽ ፂሙን ብቻ ተላጭቶ፣ አረፋው ጉንጩ ላይ እንዳለ፣ ተነስቶ ወጣ። ‹ቀልዴን ነው› እያልኩ እስከ በሩ ተከተልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ያን ዕለት፣ ማክሰኞ ነበር፣ ረጀብን ከጉብታው ላይ ይዘው ኢርጋሽ ግቢ ውስጥ ካለው ደረቅ ጉድጓድ ጣሉት። የኡስታን ቤት ገልብጠው ፈተሹ። ዱቄቱን ደፉ፣ ፍራሹን ቀደዱ፣ የምድጃውን አመድ በወንፊት ነፉ። ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ላይ ነው፤ ኮፍያው ላይ ያለችውን ልሙጥ ብር ማንም ልብ አላላትም። የብር ሠሪ የልጅ ልጅ ራስ ላይ ብር ቢኖር ምን ይገርማል?

ቡሪ አሁንም ግማሽ ፂሙን እንደያዘ ነው። «ልጅህ ‹ብሩ አባቴ ጋ ነው› ብሏል። ዓርብ ከጸሎት በኋላ ብሩን አምጣ፣ ልጅህን ውሰድ። ካላመጣህ ጉድጓዱን አፈር ሙሉበት ብሏል ኮማንደሩ» አለ።

ኡስታ «አመጣለሁ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ቡሪ ሲወጣ እኔ ገባሁ። «እውነቱን ንገራቸው እንጂ! ደመሰስኩት በላቸው፣ ብሩን አሳያቸው!»

«ሁለት መኪና በመዶሻ ቀጠቀጥኩ ልበለው?» አለኝ። «ያኔ ረጀብን በሕይወት ለምን ያቆየዋል?»

ወደ አይሱልጣን ዞረ። ምራቱን ቀና ብሎ የማያይ ሰው ነው። እሷ ግን ቀድማ ገብቷታል። መቀሱን አንስታ ኮፍያውን ከልጇ ራስ ላይ አወለቀች፣ ክሩን ቆረጠች፣ ብሩን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሁለት የቀበረች እናት ናት እንግዲህ።

«አባቱ ይቅደም» አለች። «ልጁ አላህ አለው።»

‹እኔ ነኝ ያደረግኩት› ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያ ጉደኛ አፌ ያን ጊዜ አልታዘዘኝም።

ኡስታ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሥራ ጀመረ። ከተቃጠለ የሩሲያ ታንክ የተቆረጠ ሁለት ብረት ነበረው፤ እሳት ውስጥ አግሎ አለሰለሳቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሁለት ማኅተም ይቀርጻል፣ አንዱ ለንጉሡ፣ አንዱ ለፈረሰኞቹ። በመካከላቸው ያቺኑ ብር አቅልጦ፣ ክብ አድርጎ፣ በትልቁ መዶሻ ይመታል፤ ሌላው የቤቱ ብር መዳብ ስለተደባለቀበት የሃጂውን ሚዛን አያልፍም። ማኅተም ሠሪ ስለሆነ ገልብጦ መቅረጽ ያውቃል። ፊደሉን በየማሳው ከሚገኘው የመዳብ ሳንቲም ገለበጠ። ፈረሶቹን አጥር ላይ ወጥቶ የጎረቤት ፈረስ እያየ ቀረጸ። ትከሻው፣ ጦሩ፣ የብረት ቆቡ ሁሉም መጣለት። በስድሳ ዓመት አንድ ወፍ ያልቀረጸ እጅ እንዲህ ይችል እንደነበር እሱ ራሱም አላወቀም መሰለኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ፤ ለምን በዚህ ቀን?

ሐሙስ ከሰዓት ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ፤ ና ማለቱ ነው። ገባሁ። ብረቱ ላይ ሁሉም አለ፤ ከቆቡ ሥር ግን ባዶ ነው።

«ፊቱ አልመጣ አለኝ» አለ። «ዘጠኝ ጊዜ መታሁት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። አንተ አይተኸዋል። ምን ይመስላል?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። አንገቱን አስታወስኩ፤ ፊቱን አጣሁት። በዓይኔ የሚመጣብኝ ሽርጤ ላይ ብሩን እየጠረገ የሚስቀው ልጅ ብቻ ነው።

«ኡስታ፣ እኔ የሚታየኝ ረጀብ ብቻ ነው።»

ከዚያ መቅረጫውን አነሳ። «እኔም» አለ። «በል ንገረኝ። ሠላሳ ዓመት ቅንድብና አገጭ ስታይ የኖርክ አንተ ነህ። እኔ ልጄን አተኩሬ አይቼው አላውቅም፤ ያሳፍረኝ ነበር።»

እየነገርኩት ቀረጸ። ግንባሩ ጠበብ ይላል። አይደለም፣ ጨምር። አፍንጫው እዚህ ላይ ይጎብጣል። የላይኛው ከንፈሩ ቀጭን ነው።

«ጠባሳው በየት በኩል ነበር?»

«ኧረ ተው ኡስታ! ንጉሥ ላይ ጠባሳ ምን ያደርጋል?»

«በየት በኩል ነው ያልኩህ።»

«በግራ።»

ገልብጦ በቀኝ ቀረጻት። ብረቱን አግሎ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ጠነከረ። ብሩን በመካከል አድርጎ አንድ ጊዜ፣ በሙሉ ኃይሉ፣ ሁለት እጁን አንስቶ መታ። ሲያነሳው ረጀብ ነው። የብረት ቆብ ደፍቶ፣ ጦር አንስቶ፣ ሊስቅ ጥቂት የቀረው ረጀብ። አይሱልጣን አየችውና በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከዚያ በተቀቀለ እንቁላል አስኳል አጠቆርነው፣ በበግ በጠጥ አጨስነው፣ በጉብታው አፈር አሸነው፤ ሁለት ሺህ ዓመት አስረጀነው።

ኡስታ እጁን ታጠበ። «እንግዲህ ሠራሁ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምን እንደፈራ ገባኝ፤ አላጽናናሁትም፣ ምን ብዬ?

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሁለታችን ሄድን። በረዶ ይጥላል። ኢርጋሽ እንግዳ ቤቱ ውስጥ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሃጂ ዘርዳድ አጠገቡ ዘቢብ ይቆረጥማል። ኡስታ ብሩን ከመሀረብ ፈትቶ ሰጠ።

ሃጂው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቀነ። መዘነው። አሸተተው። ጥፍሩ ላይ አኑሮ በሌላ ብር መታ አድርጎ አዳመጠው። ከዚያ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ አገጩ ላይ ያለችው ምንድን ናት?»

ቡሪ ከበሩ ሆኖ፣ «አካፋ ነክቶት ይሆናል ሃጂ፤ እነዚህ አህዮች አቆፋፈር የት ያውቃሉ» አለ።

ሃጂው ቀና ብሎ የኡስታን እጆች አየ። ጣቶቹ በእሳት ተቃጥለዋል፣ ጥፍሮቹ ሥር የብረት ብናኝ አለ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ብሩን ኪሱ ከተተ።

«እሱ ነው» አለ። «ሁለቱ መኪናዎች የአንተ ናቸው ኮማንደር።»

ተታለለ ወይስ ሌላውን እንደሚያታልልበት ገብቶት ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ኢርጋሽ እጁን አወናጨፈ። «ቡሪ፣ ልጃቸውን ስጣቸው።»

ቡሪ ወደ ጉድጓዱ አልወሰደንም። በጋጣው ጀርባ አዞረን። እዚያ የሱፍ ምንጣፍ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ በረዶ አልብሶታል፣ ከሥሩ የዝናብ ጫማ ወጥቶ ይታያል። ሶሉ ላይ አሁንም ጭቃ አለ።

«ብርድ ነው» አለ ቡሪ፣ ወደ እኛ ሳያይ። «ማክሰኞ ሌሊቱን ነው። እኔ ገመድ ልጣልለት ብዬ ነበር።»

ማክሰኞ ሌሊት። ኡስታ ምድጃውን ሳያቀጣጥል በፊት ማለት ነው። አይሱልጣን ክሩን ስትቆርጥ ረጀብ ምናልባት እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ሐሙስ ‹ግንባሩ ጠበብ ይላል፣ አይደለም› ስል ግን ሬሳ ነበር። ቡሪን አንቀው አንቀው አለኝ። ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም፣ እኔም ፈሪ ነኝ፤ አላነቅኩትም።

ኡስታ ተንበርክኮ ምንጣፉን ገለጠ። አልጮኸም። በተቃጠለ ጣቱ ግንባሩን ዳሰሰ፣ አፍንጫውን ዳሰሰ፣ ከንፈሩን፣ ከዚያ ጠባሳዋን።

«አፍንጫውን አሳንሼዋለሁ» አለ።

በአህያ ጭነን ወሰድነው። የመጨረሻውን ፂም እኔ ላጨሁት። ሁለቱን ማኅተሞች ኡስታ ከቀብር መልስ ኮክቻ ውስጥ ጣላቸው፤ ካወቁ ሌላ አስቀርጸው ሌላ ልጅ ይወስዳሉ ብሎ። ከልክዬው ቢሆን ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። ረጀብ በዕድሜው ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ ፊቱ የቀረው እነዚያ ላይ ነበር። ኢርጋሽን በሁለተኛው ዓመት ሌላ ኮማንደር ገደለው፤ ቡሪ ፂሙን አሳድጎ ሙላ ነኝ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ መንደሩ ሁሉ ያኔ ጀግና ሆነ፣ እኔም ጭምር።

ቱርሱን ግን ቆየ። ያለ ብር፣ በባዶ ኮፍያ ቆየ። ሰባት ዓመት ሆኖታል። አፍንጫው የእናቱ ነው፤ አባቱን አይመስልም። ባለፈው ሰሞን አያቱን «አባቴ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ጠየቀው፤ እኔ በግድግዳው ሰማሁ። የኡስታ መዶሻ እስከ ማታ አልተሰማም።

በማግሥቱ ያን ብር ፍለጋ መንገድ ጀመርኩ፤ ፔሻዋር ሄጄ አሥራ አንድ ቀን የብር ነጋዴ ደጅ ስጠና ከረምኩ። የነገሥታት መዓት አየሁ። ሃጂ ዘርዳድ ሞቷል። አንዱ ነጋዴ፣ ባለ ጦሩን እዚህ አታገኘውም፣ ባሕር ማዶ መስታወት ቤት ውስጥ ይሆናል፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው፣ አለኝ።

ተመልሼ ለኡስታ ነገርኩት። ሊላጭ ወንበሬ ላይ ተቀምጧል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰጥቶኛል። ምላጩ እጄ ላይ ከበደኝ።

«ኡስታ፣ ለቡሪ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ግማሽ ፂሙን አይቼ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ጋ ትላጫለህ?»

«ሌላ ፀጉር አስተካካይ የት አለና?» አለ። ቀጥሎም፣ «የልጄን ፊት እንደ አንተ የሚያውቅም ሌላ የለም» አለ።

ይቅር ብሎኝ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። አረፋውን ስቀባው ያ ፍርሃቱ ትዝ አለኝ፤ ስድሳ ዓመት የሸሸው ኃጢአት አሁን ባሕር ማዶ መስታወት ውስጥ ቆሞ ሰው ያየዋል። «አትፈራም?» አልኩት። «በፍርዱ ቀን ይጠይቁኛል ትለኝ የነበረውን?»

ዓይኑን ከፈተ። «ድሮ ነበር የምፈራው» አለ። «አሁን ነግቶ በመጣ እላለሁ። ያን ብር መዳፌ ላይ አስቀምጠው ‹በል፣ ነፍስ ዝራበት› ይሉኝ የለ? አንድ ጊዜ ልሞክር፣ ኤሽመት። ይፈቅዱልኛል እኮ።»